በቁማቸው የቀበርኳቸው አባት

ሥራ የጀመርኩ ቀን የማስጠኛ ማዕከሉ ባለቤት መጀመሪያ የሰጡኝ ፍላሽ ዲስክ ነው። ወልድያ ውስጥ ከአንድ ፋርማሲ በላይ ሁለት ክፍል ተከራይተን፣ በእንግሊዝኛ በሚያስተምሩ የውጭ ዩኒቨርሲቲዎች መሰናዶ ዓመት ለመግባት የሚያመለክቱ ልጆችን እናዘጋጅ ነበር።

«ድርሰት፣ ማስታወሻ አያያዝና ገለጻ ታስተምራለህ» አሉኝ። «የማመልከቻ ደብዳቤውን ግን ከዚህ አውጣ። ስምና ቀበሌ ብቻ ቀይር።»

ፍላሹ ውስጥ ከነበሩት ደብዳቤዎች በጣም የሚወደደው አባቷ የሞተባት የወላጅ አልባዋ ልጅ ደብዳቤ ነበር። «አንባቢው ካላለቀሰ አይቀበልም» ይሉ ነበር ባለቤቱ። እኔም እጄ ሲፍታታ እንባ ጨመርኩበት። ጎበዝ ጸሐፊ ነህ ስባል ደስ ይለኝ ነበር፤ ዛሬ ይህን ስጽፍ ያሳፍረኛል።

በሦስተኛው ዓመት ሰዓዳ መጣች። አባቷ ጋሽ እንድሪስ መርሳ ላይ ማንጎና ሽንኩርት ያለማሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ በሚኒባስ ትመላለሳለች፤ በእንግሊዝኛ የማዳመጥ ፈተና የሚደርስባት አልነበረም። ደብዳቤዋን ራሷ ጽፋ አመጣች። ደብዳቤው አባቷ ከጎረቤት ጋር የመስኖ ውሃ ተራ እንዴት እንደሚከፋፈሉ ይተርካል፤ የውሃ ምህንድስና መማር እንደምትፈልግ ይናገራል።

«ይሄ የቦይ ወሬ ማንን ያሳዝናል?» አልኳትና የወላጅ አልባዋን ሰጠኋት።

«ጋሼ፣ አባቴ እኮ አለ። ሟርት አይሆንም?»

«ወረቀት ሰው አይገድልም» ብዬ ሳቅሁባት። በእኛ አገር ተማሪ ከመምህሩ ጋር ሁለቴ አይከራከርም። እንደ እሺታ ቆጥሬ ደብዳቤውን በስሟ ላክሁት።

የዩኒቨርሲቲው የኢንተርኔት ቃለ መጠይቅ ቀን ጋሽ እንድሪስ ንጹሕ ኮታቸውን ለብሰው፣ ማንጎ በፌስታል ይዘው አብረዋት መጡ። ከኮምፒውተሩ ጎን አስቀመጥኳቸው። ጠያቂዋ በስክሪኑ ላይ ስለ አባቷ ሞት ማዘኗን ገልጻ፣ አሁን ማን እንደሚረዳት ጠየቀች።

ጋሽ እንድሪስ እንግሊዝኛ አያውቁም፤ ሰዓዳ በሁለት የሐሰት ዓረፍተ ነገር ማለፍ ትችል ነበር። እኔም ከካሜራው ጀርባ ቆሜ ቀጥይ እያልኩ በእጄ እጠቁማታለሁ። እሷ ግን አባቷን አየቻቸው፤ ከዚያ ወደ ስክሪኑ ዞራ አባቷ በሕይወት እንዳሉና አጠገቧ እንደተቀመጡ በእንግሊዝኛ ተናገረች። ቃለ መጠይቁ ወዲያው አበቃ።

«ምን ብለው ነው ያስከፏት?» አሉ ጋሽ እንድሪስ።

«ኔትዎርክ ነው» አልኩ። በዚያም ላይ ዋሸሁ።

«አይደለም አባ» አለች ሰዓዳ። «ደብዳቤዬ ላይ አባቴ ሞቷል ተብሎ ነው የተጻፈው።»

ቁጣ ጠበቅሁ። ጋሽ እንድሪስ ግን «መምህር፣ መኖሬ ነው እንዴ የሚያስቀራት?» አሉኝ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ማንጎውን ጠረጴዛው ላይ ትተውልኝ ወጡ። «ላንተ የመጣ ነው፤ አይመለስም» አሉ።

መልሱ በሳምንቱ መጣ። ደብዳቤዋ እውነት ስላልሆነ አልተቀበሏትም። ባለቤቱ ሲሰሙ፣ «አባቷን ማን አምጣ አለህ?» ብለው ተቆጡኝ። እኔ እንዲያም ሆኖ እዚያው አንድ መንፈቅ ሠራሁ፤ ይህን አልደብቅም።

አሁን ከማዕከሉ ወጥቼ በግሌ አስተምራለሁ። ይቅርታ ለመጠየቅ እስካሁን አልሄድኩም። በመንገዴ ሚኒባሱ መርሳ ቆሞ ማንጎ ሻጮች ወደ መስኮቱ ሲመጡ የተኛሁ መስዬ እቀመጣለሁ።

የሰዓዳ የመስኖ ደብዳቤ እኔ ከጻፍኳቸው ሁሉ ይሻል ነበር። የተማሪን ደብዳቤ ተማሪው ይጻፈው፤ መምህር ስህተት ያርም።