ጋሪ በይው

ዳንግላ መናኸሪያ አጠገብ አሮጌ ልብ ወለድ የምትሸጠው ምሥራቅ ሴትዮዋን በስሟ አታውቃትም። ገበያ በዋለ ቁጥር ኮንጎ ጫማ ተጫምታ፣ የወንድ ሹራብ እስከ አንገቷ ቆልፋ፣ የነጠላዋን ጫፍ በጥርሷ ነክሳ ትመጣለች። አንድ እግሯን እየጎተተች እንኳ ጋሪ አትሳፈርም፤ ጋሪ ባለፈ ቁጥርም ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። ማንበብ ስለማትችል አንድ መጽሐፍ ብቻ ታስነብባለች፦ የግሪኮች የሙታን ንጉሥ አበባ የምትቀጥፍ ልጃገረድ በጥቁር ፈረሶች ሠረገላ ጠልፎ፣ ከመሬት በታች ወስዶ የሚያነግሥበትን። ኮረዶች እየተሻሙ የሚገዙት የፍቅር ታሪክ ነው። ሴትዮዋ ግን ስታዳምጥ ቃል የሚሰርቋት ይመስል የምሥራቅን አፍ አፏን ታያለች።

«ሠረገላ አትበይኝ፤ ጋሪ በይው» ትላለች ሁልጊዜ።

ዛሬ ምሥራቅ ደንበኞቿን ለማሳቅ ብላ፣ «ምነው እትዬ፣ እርስዎንም ጠልፎ የሚያነግሥዎት አማረዎት እንዴ?» አለቻት። ኮረዶቹ ተንከተከቱ።

ሴትዮዋ አልተቆጣችም። «እናቲቱ ጋ ድረሽልኝ» አለች።

ምሥራቅ ገልጣ አነበበች። የእህል አምላክ የሆነችው እናት፣ ልጄ ካልተመለሰችልኝ ብላ ምድሪቱን ቡቃያ ከለከለቻት፤ ሰው በረሃብ አለቀ፤ ንጉሡም ሳይወድ በግዱ ልጅቷን ለቀቃት።

ሴትዮዋ ነጠላዋን ከጥርሷ አወጣች።

«እኔን በጋሪ በጠለፉኝ ዓመት የእናቴ ገብስ ከጎተራ ተረፈ» አለች። «ጠላፊዬ ሽማግሌ ሲልክባትም፣ ጠላ የጠመቀችላቸው በዚያው ገብስ ነው።»