ሟች አጎቴን ያስመዘገቡት ሰዎች

ከደሴ የተነሳሁት ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ነው፤ ማታ አስራ ሁለት ሰዓት የመራጮች ምዝገባ ይዘጋል። አምባሰል ያለችው አክስቴ ዘሃራ ትናንት ደውላ ነበር። አንድ ማኅበር የመራጭ ካርድ እናመጣልሻለን ብሎ መታወቂያዋን ወስዶባታል፤ ምርጫ ጣቢያ ሄዳ ስትጠይቅ ማኅበሩ ባመጣው ወረቀት ላይ ያለው የባሏ የእንድሪስ ስም ነው አሏት። አጎቴ እንድሪስ ከሞተ ሦስት ዓመት አልፎታል። እኔ ስለራሴ አላሰብኩም። የዚሁ ማኅበር ቢጫ ኮፍያ ያደረጉ ልጆች መናኸሪያ በር ላይ ለምዝገባ አስፈርመውኛል። ያውም ወረቀቱን አንብቤ ነው የፈረምኩት።

ሐይቅ፣ ሁለት ሰዓት

ሚኒባሱ ሰው ሊጭን ቆመ። ከሐይቁ የወጣ ትኩስ የተጠበሰ ዓሣ በዳቦ በላሁ። ሻጯ ወሬ ስትጀምር፣ ቢጫ ኮፍያዎቹ የእሷንም መታወቂያ ወስደው እንደጠፉ ነገረችኝ። ወረቀታቸውን አላነበበችውም ማለት ነው ብዬ በሆዴ ፈረድኩባት።

ከውጫሌ ወዲያ በእግር

ውጫሌ ወርጄ በማሽላው መሃል ዳገቱን ከአንድ ሰዓት በላይ ወጣሁ። አክስቴና የቅሬው ዳኛ አያ ሰይድ ደጅ ላይ ጠበቁኝ። ቅሬ ማለት ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ተባብሮ ሬሳ የሚያነሳበት ማኅበር ነው። አባወራ ቢሞት ስሙ ከቅሬው መዝገብ አይፋቅም፤ ሚስቱ በእሱ ስም ትቀጥላለች። ቢጫ ኮፍያዎቹ ያንን መዝገብ ከአያ ሰይድ ተቀብለው እንዳለ ገልብጠውታል። ሟች ገባ፣ ባልቴት ቀረች።

«የሰው ስም እንዴት አውጥተው ይሰጣሉ?» ብዬ አያ ሰይድን ጮህኩባቸው።

አንገታቸውን ደፉ። «የሴቶቹን እግር ላሳርፍ ብዬ ነው ልጄ።»

ምርጫ ጣቢያው፣ ስምንት ሰዓት

መዝጋቢው ልጅ ማኅበሩ ያመጣቸውን ወረቀቶች አወጣ። የሁሉም ፊርማ በአንድ እጅ የተጣፈ ነው። በአጎቴ ስም ፊት ግን አሻራ ተደርጓል። አክስቴ አየችው፣ አየችውና፣ «እንድሪስን እኛው ነን የቀበርነው፤ ጣቱን ከየት አመጡት?» አለች። የሳቀ የለም።

ልጁ በዚህ ወረቀት ማንንም እንዳልመዘገበ፣ ሰው ራሱ መቅረብ እንዳለበት ነገረን። መታወቂያ ለሌለው የአገር ሽማግሌ ይመሰክራል። አያ ሰይድ ሁለት የቅሬ ሰዎች ጠርተው ለአክስቴ መሰከሩላት፤ ከዚያም ሌሎቹን ባልቴቶች ሊያስመጡ ወጡ። አክስቴ ካርዷን በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረች።

«እኔ እንኳ ደሴ ፈርሜያለሁ» አልኩት ልጁን።

«የት ጣቢያ?»

«መናኸሪያ በር ላይ።»

ቀና ብሎ አየኝ። «እህቴ፣ መናኸሪያ ምርጫ ጣቢያ ነው እንዴ?»

ቁልቁለቱን በሩጫ ወረድኩት። ውጫሌ ላይ ሚኒባሱ እስኪሞላ አንድ ሰዓት ተቃጠልኩ።

ደሴ፣ አስራ ሁለት ከሃያ

የሰፈሬ ጣቢያ ተቆልፏል። ዘበኛው መዝገቡ ታሽጎ መሄዱን ነገረኝ። አስራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስኩት እኔ፣ ዓሣ ሻጯ ላይ የፈረድኩት እኔ፣ ካርድ የለኝም። ያነበብኩት ወረቀት ላይ የተጻፈው ሁሉ ልክ ነበር፤ ማን ነው የሚያስፈርመኝ፣ በማን ፈቃድ ብዬ ግን አልጠየቅኩም። በንዴት በሩን በእርግጫ መታሁት።

አክስቴ ደወለች። ነገርኳት።

«አብሽሪ፣ ማንን እንደምትፈልጊ ንገሪኝና ለአንቺ እመርጥልሻለሁ።»

«አይሆንም አክስቴ» አልኳት። «ያ ካርድ የአንቺ ነው። ማንን ልምረጥ ብለሽ ማንንም አትጠይቂ፣ እኔንም ቢሆን።»