በቀለም ባልዲ የተተከለው እንጆሪ

አክስቴ ዱባይ አቅራቢያ፣ አጅማን ውስጥ አንድ ቤት ዘጠኝ ዓመት ሠርታለች። ግቢው ጥግ ላይ ማዳም ቱት የምትለው፣ እኛ እንጆሪ የምንለው ዛፍ አለ። ከእርሳስ ከማይበልጥ ቅርንጫፍ ያሳደገችው አክስቴ ናት። ዘንድሮ በግንቦት ማዳም ቤቱን ልትለቅ፣ አክስቴም ጠቅልላ አገር ቤት ልትገባ ሆነ። አዲሶቹ ሰዎች ግቢውን በሙሉ ሴራሚክ ሊያለብሱት ነው ተባለ። ስለዚህ ሦስት ቅርንጫፍ ቆርጣ፣ በእርጥብ ፎጣ ጠቅልላ፣ እኔ ያለሁበት ሻርጃ ድረስ ይዛልኝ መጣች።

«ወቅቱ አይደለም፤ ግን ሞክሪ» አለችኝ። «አንዷ እንኳን ሥር ይዛ ባያት ደስ ብሎኝ እሄዳለሁ።»

ልትሄድ የቀራት አንድ ወር ነበር።

የምኖረው ከሦስት ሴቶች ጋር አንድ ክፍል ተጋርቼ፣ አልጋ ብቻ በሚከራይበት ቤድ ስፔስ ነው። ቅርንጫፎቹን ባዶ የቀለም ባልዲ ውስጥ ተክዬ ከወጥ ቤቱ መስኮት ሥር፣ ጥላው ጋ አስቀመጥኳቸው። ዱባይ ካለው ቢሮዬ እስክመለስ ልቤ እዚያው ነው። ቦርሳዬን ሳላወርድ ውሃ አጠጣለሁ። ከዚያ ማንም ሳያየኝ አንዷን ቀስ አድርጌ ነቅዬ ሥር አወጣች ወይ ብዬ አያለሁ። ምንም የለም። መልሼ እተክላታለሁ።

በሁለተኛው ሳምንት ሁለቱ ጠቆሩ።

ከክፍላችን በዕድሜ ትልቋ ሴት ውሃ ስቀዳ አየችኝ።

«እስቲ ጣትሽን ክተቺበት።»

ከተትኩ። ያቃጥላል። የቀዝቃዛው ቧንቧ ውሃ የሚወርደው ጣሪያ ላይ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ሲመታው ከዋለው ታንከር ነው። ሳህን ሳጥብ ሁልጊዜ እጄን ይለበልበኛል፤ ለተክሉ ግን አላሰብኩለትም።

«ዩኒቨርሲቲ ምን ስትሠሪ ከረምሽ? ቀቀልሻቸው እኮ» አለች። «ሂተሩን ካጠፋነው ቆየን፤ እሱ ውስጥ ያለው ውሃ እቤት ውስጥ ተቀምጦ ይበርዳል። ከሙቁ ቧንቧ ቅጂ። ኸላስ፣ አለቀ።»

አክስቴ ልትሰናበተኝ በመጣች ቀን ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም።

«ሁለቱን ገደልኳቸው።»

ሦስተኛዋ ሁለት ትንንሽ ቅጠል አውጥታ ነበር። እሱን አሳየኋት።

«ቅጠል አይታመንም። ግንዱ ውስጥ በተረፈው እርጥበትም ይወጣል» አለች። ልጡን በጥፍሯ ፋቅ አደረገችው፤ ውስጡ አረንጓዴ ነው። ከዚያ አፈሩን ነካ ነካ አደረገች። «ምን አላላው?»

እጄን ወደ ኋላዬ ደበቅኩ።

«እየነቀልሽ ታያለሽ?»

«በየቀኑ።»

አልጋዬ ላይ ቁጭ ብላ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። «እኔም የመጀመሪያዎቹን አምስቱን የጨረስኳቸው እንደዚሁ ነው።»

ተነሥታ አፈሩን በአውራ ጣቷ ጠበቅ ጠበቅ አደረገችው።

«በይ፣ እኔ ሥሯን ሳላይ እሄዳለሁ። አንቺም አትዪ።»

ከሄደች ስምንት ቀኗ ነው። ሦስተኛ ቅጠል ወጥቷል፤ እሱም አይታመንም። ከሥራ ስገባ እጄን ኪሴ ውስጥ ከትቼ ባልዲው አጠገብ እቆማለሁ። ማታ ስትደውል ሰላምታ እንኳን አታስቀድምም።

«ነቀልሽ?»

«አልነቀልኩም» እላለሁ። እስካሁን እውነቴን ነው።