ወደ ባልትና ክፍል የተላኩ ሽማግሌዎች

ባለፈው ሳምንት ሱፐርማርኬት ውስጥ ወረፋ ይዤ ቆሜ ሳለ፣ ከፊቴ የነበረችው ሴትዮ የቫኒላ ጠርሙስ ከእጇ አመለጣት። ጠርሙሱ ወለሉ ላይ ተሰባበረና ሽታው ቦታውን ሁሉ ሞላው። ሰዉ ጫማው እንዳይነካ ወደ ኋላ ሲሸሽ፣ እኔ ግን እንደ ሞኝ ባለሁበት ቆሜ በአፍንጫዬ እስብ ጀመር። ልጄ አፍራ እጄን ጎተተችኝ። ቫኒላ ለሌላው ሰው ኬክ ነው። ለእኔ ጥቁር ሱፍ የለበሱ ሦስት ሽማግሌዎች ናቸው። እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ።

አሥረኛ ክፍል ነበርኩ። ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ፌርፋክስ በሚባለው ጎዳና ላይ ካሉት የሐበሻ ሬስቶራንቶች ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ ባለ አንድ መኝታ አፓርትመንት ውስጥ ከአባቴና ከእናቴ ጋር እኖር ነበር። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ፓርኪንግ ይሠራ ነበር። እናቴ አዛውንት ትንከባከብ ነበር። እኔ ኮምፒውተር ልማር ተመዝግቤ ክፍሉ ሞላ ተባለና፣ ማንም ወዳልመረጠው ክፍል ወረወሩኝ። ትምህርቱ ስለ ቤተሰብና ስለ ቤት ኑሮ ነው፤ የእኛ ሰዎች በድሮው አጠራር ባልትና ይሉታል። ክፍሉ ስድስት ምድጃ፣ በመስኮቱ ሥር የተደረደሩ የልብስ ስፌት መኪናዎችና ከግድግዳው የማይለቅ የቫኒላ ሽታ ነበረው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ የዱቄቱን ብናኝ ስታሳየን፣ በመኪናዎቹ ድምፅ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለኝ ነበር።

እውነቱን ልናገር፤ ወደድኩት። በሂሳብ ክፍል ከመጨረሻው ወንበር ላይ የምደበቅ ልጅ፣ እዚያ እጄን አውጥቼ እናገር ጀመር። መምህራችን መነጽሯን በገመድ አንገቷ ላይ የምታንጠለጥል፣ ስትስቅ መላ ሰውነቷ የሚስቅ ሴት ነበረች። አንድ ቀን የተማሪ መሪዎች ማኅበር ፎርም ሰጠችኝ። የዚያ ትምህርት ተማሪዎች የሚገቡበት ማኅበር ነው፤ ምግብና ልጅ አያያዝ እየተማሩ፣ ስብሰባ መምራትና ሰው ፊት መናገር ይለማመዱበታል።

ፎርሙን ለአባቴ ሳቀርብለት ፊቱ ጠቆረ። «ሽንኩርት መክተፍ ለመማር ነው እንዴ ውቅያኖስ የተሻገርነው?» አለ። እናቴም ከማድቤቱ ሆና፣ «እሱንማ እኔስ አላስተምራትም ወይ!» አለች። አባቴ ወረቀቱን ሊመልስልኝ ሲል ዓይኑ አንዲት ቃል ላይ አረፈች። «ሊደርሺፕ ነው እንዴ?» አለኝ። «አዎ።» «ሶ፣ ፕሬዚዳንት አለው?» «አለው።» እስክሪብቶ ፍለጋ ኪሱን ሁሉ ዳበሰ።

በሳምንቱ የሚያለቅስ አሻንጉሊት ሕፃን ከዓርብ እስከ ሰኞ እንድናሳድግ ተሰጠን። ሆዱ ውስጥ ኮምፒውተር አለው፤ ስንት ጊዜ እንዳለቀሰ፣ ስንት ጊዜ እንደታቀፈ ሁሉ ይመዘግባል። ቤት ወስጄ ጠረጴዛ ላይ ባስቀምጠው እናቴ ጮኸችብኝ። «ይሄ ልጅ ምን በድሎ ነው እንደ ዕቃ የሚቀመጠው?» ብላ ነጥቃኝ በነጠላ አዘለችው። አዝላው ሽንኩርት ገዛች፣ አዝላው ልብስ አጠበች፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያንም አዝላው ሄደች። አንዲት አሮጊት «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብለዋት፣ ሰው ላለማሳፈር ብላ አሜን አለች። ሰኞ መምህራችን የሕፃኑን መዝገብ አንብባ መነጽሯን አወለቀች። ሦስቱን ቀን አንድ ጊዜ እንኳ አላለቀሰም። ተበላሽቶ ይሆን ብላ ነቀነቀችው፤ ያኔ ብቻ አለቀሰ። ክፍሉ በሙሉ አጨበጨበልኝ። ድካሙ የእናቴ፣ ጭብጨባው የእኔ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ በክፍሉ ውስጥ ገነነ።

አባቴ ወሬውን ፌርፋክስ ላይ እንዴት እንዳዳረሰው አላውቅም። ቅዳሜ ሬስቶራንት ስንገባ፣ ባለቤቱ ጋሼ ራሳቸው መጥተው ወንበር ሳቡልኝና «ክብርት ፕሬዚዳንት፣ ምን እንታዘዝ?» አሉኝ። የማኅበሩ ምርጫ ገና አሥር ቀን ይቀረው ነበር። አባቴን በጠረጴዛው ሥር ረገጥኩት። እሱ ግን የማን ፕሬዚዳንት እንደምሆን ለጎረቤት ጠረጴዛ እያስረዳ ነበር፤ ሃያ ሁለት ተማሪ ያለው ማኅበር በአባቴ አፍ መላ ካሊፎርኒያን አክሎ አረፈው።

እሱ ይፎክር እንጂ እኔም ፈልጌው ነበር። በጣም ነው የፈለግኩት። ፕሬዚዳንቱ ከሁሉም ትምህርት ቤት ልጆች በሚሰበሰቡበት ትልቅ አዳራሽ መድረክ ላይ ወጥቶ ይናገራል። የምናገረውን ጽፌ፣ መታጠቢያ ቤት በሩን ቆልፌ፣ ውኃውን ከፍቼ በመስታወት ፊት አጥንቼዋለሁ። ለማንም ግን እፈልጋለሁ አላልኩም። በእኛ ቤት ሰው ሹመት እፈልጋለሁ ብሎ አይናገርም።

የምርጫው ቀን አንዱ ልጅ እጁን አውጥቶ ስሜን ጠራ። መምህራችን ነጩ ሰሌዳ ላይ በሰማያዊ ቀለም ጻፈችው። ከዚያ ዞር ብላ «ትቀበያለሽ?» አለችኝ። እኔም እንዳሳደጉኝ አንገቴን ደፍቼ፣ ፈገግ ብዬ፣ «ኖ፣ ኖ፣ ከእኔ የሚሻሉ አሉ» አልኩ። የቤታችን ሕግ የታወቀ ነው። መጀመሪያ ሲጠይቁሽ እምቢ ማለት ጨዋነት ነው። ሁለተኛ ሲጠይቁሽ እምቢ ማለት ትልቅነት ነው። በሦስተኛው «እንግዲህ ካላችሁ ምን አደርጋለሁ» ብለሽ ትቀበያለሽ። እኔም ሁለተኛውን እየጠበቅኩ፣ ንግግሬን ከቦርሳዬ ላወጣ እጄን ሰደድኩ።

መምህራችን «ኦኬ» አለችና ስሜን በዳስተር ጠረገችው።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። የኮሪያ ሰዎች ከሚበዙበት ሰፈር፣ ከኮሪያታውን የምትመጣ አንዲት ልጅ ብድግ ብላ «እኔ እፈልጋለሁ! ጎበዝ ነኝ!» አለች። እኔ በእሷ ፈንታ አፈርኩላት። እንዲህ ያለች ዓይን አውጣ ሰፈራችን ውስጥ ብትገኝ ዓመት ሙሉ መነጋገሪያ ነበር የምትሆነው። እሷ ግን በሙሉ ድምፅ ተመረጠች፤ እኔም አጨብጭቤላታለሁ። ዛሬ በሥራዬ ሰው አነጋግሬ እቀጥራለሁ። «ከእኔ የሚሻሉ አሉ» የሚል አመልካች ከገጠመኝ፣ ሻይ ልቅዳ ብዬ እወጣና ተመልሼ እንደገና እጠይቀዋለሁ።

ቤት ገብቼ አለቀስኩ። አባቴ ነገሩን ከሰማ በኋላ የጠየቀኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው።

«ስንት ጊዜ ጠየቀችሽ?»

«አንዴ።»

«አንዴ ብቻ? አንዴ ጠይቃ ተወች?» ከሶፋው ተነሣ። «ይሄማ ንቀት ነው! ሰው የፈለገውን ሰው አንዴ ብቻ ይጠይቃል?» እናቴ ልታረጋጋው ብትሞክር አልሰማትም፤ ስልኩን አንሥቶ ወደ በረንዳ ወጣ።

በማግሥቱ ከታሪክ ክፍል ቢሮ ትፈለጊያለሽ ተብዬ ተጠራሁ። ስሄድ ሦስት ሽማግሌዎች ቆመዋል። ባለ ሬስቶራንቱ ጋሼ፣ ታክሲ ነድተው ጡረታ የወጡት ጋሼና የፀጉር ቤቱ ጋሼ። ሦስቱም ጥቁር ሱፍ ከነከረባቱ ለብሰዋል፤ ደረታቸው ላይ የእንግዳ ወረቀት ተለጥፎባቸዋል። አባቴ ከኋላቸው እጁን አጣምሮ ቆሟል። ጸሐፊዋ ግራ ገብቷት የእንግዳ መዝገቡን አሳየችኝ። የመጡበት ጉዳይ በሚለው ቦታ ላይ ባለ ሬስቶራንቱ ጋሼ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ፣ በእንግሊዝኛ፣ «ሰላም» ብለው ጽፈዋል። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር።

ይዣቸው ወደ ክፍላችን ስገባ፣ መምህራችን ብቻዋን ሆና ከምድጃው ኩኪስ እያወጣች ነበር። ሦስቱን ጥቁር ሱፍ ስታይ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «ማን ሞተ?» አለችኝ። ማንም አልሞተም አልኳት። ወንበር ሳበችላቸው።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ ባለ ሬስቶራንቱ ጋሼ።

«መቆም ይወዳሉ» ብዬ ተረጎምኩ።

ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ እመቤት፣ ልናስቸግርዎ ነው የመጣነው። ይህች ልጅ ልጅዎ ናት። እኛም ደጅዎን ልንጠና ነው። ምንም ቢሆን መምህር ወላጅ ነው...» እያሉ ከሰላምታው ወደ ምርቃቱ ተሻገሩ። እኔ ስለራሴ የሚለመነውን ልመና ራሴ መተርጎም ስላቃተኝ፣ «ስለ ምርጫው ነው» ብቻ አልኩ። መምህራችን ነገሩ አልገባትም፤ ግን ደግ ሰው ናትና ትኩሱን ኩኪስ በሳህን አድርጋ አቀረበችላቸው።

ሦስቱም እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው «ኖ፣ ኖ፣ ታንክ ዩ! በልተን ነው የመጣነው» አሉ።

«ኦኬ» አለችና ሳህኑን መልሳ ምድጃው ላይ አስቀመጠችው።

ስድስት ዓይን ሳህኑን ተከትሎ ሄደ። ታክሲ ይነዱ የነበሩት ጋሼ፣ ሽምግልና አለብኝ ብለው ቁርስ ሳይቀምሱ ነበር የወጡት፤ ምራቃቸውን ሲውጡ ሰማሁ። ከኋላ አባቴ በሹክሹክታ «አየሽ! አንዴ!» አለኝ።

ከዚህ በላይ አልቻልኩም። «ሚስ፣ ኖ ያሉት የስ ለማለት ነው። ድጋሚ ጠይቂያቸው» አልኳት። አየችኝ። ሳህኑን አንሥታ ጠየቀች። «ኧረ አይገባም!» አሉ። በሦስተኛው «እንግዲህ ካሉን...» አሉና ሦስት እጅ በአንድ ጊዜ ሳህኑ ላይ አረፈ። መምህራችን እጆቹን አየች፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። ሳቋ ከፊቷ ጠፋ።

«ያን ቀን ኖ ስትይኝ...» አለች።

የጫማዬን ጫፍ አየሁ።

«ሁለት ጊዜ ይቀረኝ ነበር ማለት ነው?»

ራሴን በአዎንታ ነቀነቅኩ። ይቅርታ ስትጠይቀኝ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። ነገር ግን ምርጫው አልቋል፤ የተመረጠችው ልጅም ምንም አላጠፋችም አለች። ይህን ስተረጉምላቸው ባለ ሬስቶራንቱ ጋሼ አፋቸው በኩኪስ ሞልቶ «በፍጹም! የተሾመች ልጅ በእኛ ምክንያት አትሻርም» አሉ። ስለዚህ ፕሬዚዳንት ሳልሆን ቀረሁ። እርር ነው ያልኩት፤ ዛሬም ሳስበው ትንሽ ያመኛል።

መምህራችን ግን አንድ ነገር አስታወሰች። የማኅበሩን ፎቶና ታሪክ የሚይዝ ሰው አልተገኘም፤ ማንም አልፈለገውም። «ትፈልጊያለሽ?» አለችኝ። ባለ ሬስቶራንቱ ጋሼ መጀመሪያ እምቢ እንድል በቅንድባቸው ምልክት ሰጡኝ። የፀጉር ቤቱ ጋሼም እህ እህ ብለው ሳሉብኝ። ካፈርኩ አይመልሰኝ አልኩና «የስ» አልኩ፤ ጥያቄዋን ሳትጨርስ። «ኧረ ቀስ በይ፣ ልጄ!» አሉ ባለ ሬስቶራንቱ ጋሼ፤ መምህራችን ያ መላ ሰውነቷ የሚስቀው ሳቅ ተመለሰላት። አባቴ ይቆጣኛል ብዬ ብመለከት፣ ሳህኑ ላይ የቀሩትን ኩኪሶች ትክ ብሎ እያየ ነበር።

አባቴ ከቢሮው አስፈቅዶኝ፣ ሽማግሌዎቹን ፌርፋክስ ላይ አውርደን ወደ ትምህርት ቤት ተመለስን። ደጁ ጋ ፓርክ አድርጎ ሞተሩን አጠፋ። የእኩለ ቀን ፀሐይ በመስታወቱ ገብታ ጭናችንን ታቃጥላለች። ከረባቱን ፈታ።

«አንድ ጊዜ» አለ፣ ፊቱን ወደ መንገዱ እንዳደረገ፣ «የፓርኪንጉ ማናጀር ጠርቶኝ ሱፐርቫይዘር ትሆናለህ ወይ አለኝ።»

ይህን ሰምቼ አላውቅም። «አንተስ ምን አልከው?»

«ምን እላለሁ? ኖ፣ ከእኔ የሚሻሉ አሉ አልኩት።»

«እሱስ?»

«ኦኬ አለኝ።» መሪውን በአውራ ጣቱ ዳበሰው። «ስድስት ዓመት ሆነው። ድጋሚ ሳይጠይቀኝ ሲቀር፣ ንቆኝ ነው ብዬ ነበር። ለእናትሽም አልነገርኳት። ከዚያ ወዲህ ደኅና አድርጌ ሰላም ብዬው አላውቅም።»

«አባዬ፣ ነገ ሄደህ ንገረው። እፈልጋለሁ በለው።»

«ባለፈው ዓመት ሪታየር አደረገ» አለ። «ኬክ ቆርሰን ሸኘነው። እኔ ኬኩንም አልበላሁለት።»

የክፍሉ ደወል ሲደወል መኪናው ውስጥ ድረስ ይሰማ ነበር። አልወረድኩም። አባቴ ከረባቱን ጠቅልሎ ኪሱ ከተተና፣ መጀመሪያ ትንሽ አፍሮ፣ ቀጥሎ ግን ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ብሆን ኖሮ ጎበዝ ሱፐርቫይዘር እሆን ነበር» አለኝ። ስለ ራሱ ጥሩ ነገር ሲናገር ስሰማው ያ የመጀመሪያዬ ነበር፤ የመጨረሻዬም ሆኖ ቀረ።

«ትሆን ነበር» አልኩት።

«እውነትሽን ነው?» አለኝ፤ ልጅ ይመስል ዞሮ እያየኝ።