የእትዬ ቦዠና የዓርብ ዳቦ

ሰፊያ የወሎ ልጅ ናት። ኩሩ ናት፤ አንድ ነገር ከያዘች ደግሞ ሞተች እንጂ አትለቅም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ! እንደ ፈረንጆቹ በ1994 ባህር ማዶ፣ በስደት ከምትኖርበት ከፉትስክሬይ ሰፈር በባቡር እየተመላለሰች ዌሪቢ የሚባል የእርሻ አካባቢ ውስጥ አበባ ጎመን የሚያመርት የቼክ ቤተሰብ ዘንድ ሥራ ጀመረች። የእርሻው ባለቤት ቦዠና የሚባሉ የሰባ ዓመት አሮጊት ናቸው። ሰፊያ «እትዬ ቦዠና» ስትላቸው ምን ማለት እንደሆነ ጠየቁ፣ ወደዱትና በዚያው ጸና።

እትዬ ቦዠና ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከባላቸው ጋር በመርከብ መጥተው ያንን ነፋሻ ሜዳ ሲይዙ መሬቱ ድንጋይ ብቻ ነበር። ሦስት ክረምት በቆርቆሮ ዳስ እያደሩ ድንጋዩን በእጃቸው ለቅመው፣ ካብ ክበው አጥር አደረጉት። ኋላ ባል ሞቱ፤ እሳቸውና ልጃቸው ፓቬል ብቻ ቀሩ።

ዓርብ ዓርብ ፕሪም የተሞላ ትንንሽ ዳቦ ይጋግራሉ። ለሰፊያም አራት በጨርቅ ይጠቀልሉላታል። ታዲያ በመጀመሪያው ሳምንት ሰፊያ በወጥ ቤቱ መስኮት ስታይ የአሳማ ስብ በጣሳ ተቀምጧል። አለቀ! «አላህ ይስጥልኝ» ብላ በፈገግታ ተቀበለችና ከጓሮ ዞራ ለዶሮዎቹ ጣለችው። በሚቀጥለውም ዓርብ እንዲሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ! መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ ሲባል አልሰማችም? ሰምታለች። ግን «ደክመው የሠሩትን አልበላም ማለት ነውር ነው» ትላለች። መጣሉ ክብር ነው እንግዲህ!

አንድ ዓርብ እትዬ ቦዠና ወድቀው እጃቸው በጀሶ ታሰረ። «ሰፊያ፣ ነይ ሊጡን እሺልኝ» ብለው ለመጀመሪያ ጊዜ ወጥ ቤት አስገቧት። ቅቤና ዱቄት ቀርቧል።

«ስቡስ የት ነው?» አለች፣ እንዳትነካው ፈርታ።

«የምን ስብ?»

«የአሳማው።»

እትዬ ቦዠና ሳቁ። «አንቺ ሻሽሽን አስረሽ ከመጣሽ ጀምሮ እዚህ ሊጥ ውስጥ ስብ ገብቶ አያውቅም። ድሮ አንዲት ቱርክ አብራን ትሠራ ነበር፤ እንደማትበሉ ከሷ ነው ያወቅሁት። ስቡ ለፓቬል ድንች መጥበሻ ነው።»

የሰፊያ እጅ ሊጡ ውስጥ ቀረ። ወይ አላህ! ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። በሰባ ሰባቱ ረሃብ፣ ባቲ መጠለያ፣ እናቷ አፈር ላይ የወደቀ ቁራሽ አንስታ፣ ስማ ነበር የምታጎርሳት። ያቺ ልጅ ናት እንግዲህ ዳቦ የምትጥለው! ከዛሬ ጀምሮ ዝም ብላ ብትበላ ማን ያውቅባታል? ማንም። ግን የሴትዮዋን ዓይን ማየት አቃታት።

«እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለች አንገቷን ደፍታ። «ስቡ ያለበት መስሎኝ ለዶሮዎቹ ነበር የምሰጠው።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

እትዬ ቦዠና አልተቆጡም፤ ቢቆጧት በተሻላት። የታሰረ እጃቸውን በደህናው ይዘው ወንበር ላይ ቁጭ አሉ።

«ፓቬል በቅቤ ሲሆን አይወደውም» አሉ። «እኔንም ስኳር አለብሽ ብሎ ሐኪም ከልክሎኛል። ዓርብ ዓርብ የምጋግረው ላንቺ ብቻ ነበር።»

ሰፊያ ሊጡን እያሸች አለቀሰች። ሌላ ምን ታድርግ?