ለተቃጠለች እናት ሦስት ምስክር

የእድራችን ደንብ እንዲህ ይላል፦ ዘመድ ክፍለ ሀገር ሞተብኝ ያለ አባል ድንኳንና ወንበር የሚሰጠው መሞቱን የሚያረጋግጡ ሦስት ምስክሮች ሲያቀርብ ነው። አይገርምም፤ እኛ ሰፈር አንዲት አክስት በዓመት ሁለቴ የምትሞትበት ጊዜ አለ። ደንቡን ያወጡት ሰዎች ብልህ ነበሩ። ዘንድሮ የሠሩበት ግን ከብልሃቱ ጋር አልተዋወቁም። እንዴት አወቅሽ ካላችሁኝ፣ እዚያው ቁጭ ብዬ እየጻፍኩ ነበር።

የእድሩ ጸሐፊ የዓይን ሞራ ተገፍፎላቸው ቤት ስለዋሉ አባቴ «ልጄ ትጻፍ፣ እጅ ጽሑፏ ያምራል» ብሎ አቀረበኝ። እጅ ጽሑፌ ብቻ እኮ አይደለም የሚያምረው! የአማርኛ መምህራችን ድርሰቴን ለክፍሉ ሁሉ ካነበበችው ቀን ጀምሮ እስክሪብቶ ስይዝ ቁመቴ የሚጨምር ይመስለኛል። ስለዚህ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ድስትና አግዳሚ በታጨቀበት የእድሩ ቤት ውስጥ፣ ቃለ ጉባኤ ያዥ ሆኜ ተሰየምኩ።

ጉዳዩ ትልቅ ነበር። ጣልያን በዚያ የካቲት ለሦስት ቀን አዲስ አበባን ሲያቃጥልና ሲጨፈጭፍ ያለቁ የሰፈራችን ሰዎች ስም በእብነ በረድ ተቀርጾ በእድሩ ቤት ግድግዳ ላይ ሊሰቀል ነው። አሥራ አንድ ስም ተሰብስቧል። ዝርዝሩ ሰኞ ጠዋት ለቀራጩ ይሰጣል። ከዚያ ወዲያ ድንጋይ ነው፤ የቀረ ቀረ።

ኮሚቴው ሦስት ሰው ነው። ሰብሳቢው ቅዳሜም ከረባት የሚያስሩ ጡረተኛ የቢሮ ኃላፊ ናቸው፤ አንቱ የምላቸው ለዕድሜያቸው ብዬ ነው። ሁለተኛው አብነት ሰፈር የሴራሚክ ሱቅ አለው። ሦስተኛው ማስተርሱን እየሠራ ያለ ወጣት ነው፤ ምን እንደሚያጠና ሰፈሩ አያውቅም፣ ላፕቶፑን ግን ሁሉም ያውቀዋል።

ገና ሻይ ሳይቀርብ እማማ ከዘራቸውን እያንኳኩ ገቡ። እማማ ግድግዳ የምንጋራቸው ጎረቤታችን ናቸው፤ ዘጠና ለመድፈን ጥቂት ነው የቀራቸው። ከግራ ጆሯቸው ሥር እስከ ትከሻቸው ድረስ ቆዳቸው ሰም ቀልጦ የረጋበት ይመስላል። እዚሁ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር የነበረው ቤታቸው በእሳት ሲያያዝ የአራት ወር ሕፃን ነበሩ። አንዲት ጎረቤት በጓሮ በኩል አወጣቻቸው፤ እናታቸው ውስጥ ቀሩ። ያቺ ጎረቤት አሳደገቻቸው፣ ያየችውንም ነገረቻቸው፣ እሷም ከሞተች ስንት ዘመኗ።

«የእናቴን ስም እንድታስገቡልኝ ነው የመጣሁት» አሉ እማማ።

ሰብሳቢው ከረባታቸውን ነካ አደረጉ። «እማማ፣ ደንብ አለን እኮ። ሦስት ምስክር ያስፈልጋል።»

«የምን ምስክር?»

«መሞታቸውን ያየ።»

እማማ የቀለዱ መስሏቸው ፈገግ አሉ። ሰብሳቢው ፈገግ አላሉም።

«ያዩትማ አብረው ነደዱ» አሉ እማማ።

«ቢያንስ አንድ እንኳ አይገኝም?» አለ ባለ ሱቁ፣ ዋጋ የሚቀንስ ይመስል።

«አንዱን ጣልያን ፈልጌ ላምጣልህ?»

እኔ ሳቄ አመለጠኝ። ባለ ማስተርሱ ገላመጠኝና ላፕቶፑን ከፈተ። «በሳይንሱ መሠረት» አለ፣ «የቃል ታሪክ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። የሟቾቹ ቁጥር ራሱ እስካሁን ያከራክራል። እማማ፣ ሶርስዎ ምንድን ነው?»

እማማ ነጠላቸውን ገለጥ አድርገው አንገታቸውን አሳዩት። ምሁራችን ምን አደረገ? ስክሪኑን አየ። ምናልባት ጠባሳው እዚያ ላይ ካለ ብሎ ይሆናል።

በዚህ መሃል ባለ ሱቁ ሚዛናዊ መሆን አማረው። «ጣልያንም ቢሆን ሙሉ ለሙሉ ክፉ ነበር አይባልም። መንገድ ሠርቷል፣ ድልድይ ሠርቷል። የኔ ሱቅ ያለበት ቤት የጣልያን ሥራ ነው፤ እስከ ዛሬ ግድግዳው አንድ ስንጥቅ የለውም።» ይህን የሚለው ቤታቸው ከነእናታቸው ለተቃጠለባቸው ሴት ነው። እኔ አንድ ቃል ሳላስቀር ጻፍኩት።

«የእናንተ ሰዎች ናቸው መንገድ ሲመሩት የነበሩት፤ ባትወደው ነበር የሚገርመኝ» አለ ባለ ማስተርሱ።

«ምን አልክ? ባንዳው ማን እንደነበረ እናውራ እንዴ?»

«እናውራ!»

አወሩ። ሁለቱም ስልካቸውን አወጡ፤ አንዱ ቪዲዮ ከፈተ፣ ሌላው ፌስቡክ። የዚያን ጊዜ አባቶቻቸው እንኳ አልተወለዱም፤ እነሱ ግን ማን የማንን ቤት እንደጠቆመ በደቂቃ ያውቁታል። ሻዩ ተደፋ። እሳቱ የነካቸው ብቸኛ ሰው አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ሁለቱን በየተራ ያያሉ፤ የሚጠይቃቸው የለም። በኋላ ከዘራቸውን ተመርኩዘው ተነሡና ወጡ። ክርክሩ መውጣታቸውን እንኳ አላየም።

«ወደ አጀንዳው!» አሉ ሰብሳቢው። «የእማማ ጥያቄ ምስክር እስኪቀርብ ይቆይ።»

ይቆይ! ሰኞ ለሚቀረጽ ድንጋይ፣ ዘጠና ዓመት ለጠበቁ ሴት፣ ይቆይ።

የመጻፍ እንጂ የመናገር ሥልጣን አልነበረኝም። ግን አላስችል አለኝ። «ጋሼ፣ የእርስዎ አያት ዝርዝሩ ላይ አንደኛ ናቸው። ለሳቸው እነማን መሰከሩ?»

«የኔ አያት የታወቁ ናቸው።»

«በማን?»

«በኔ!»

እሱንም ጻፍኩት።

ቤት ገብቼ ረቂቁን ደግሜ ሳነብ ደስታዬን አትጠይቁኝ። እያንዳንዱ ሞኝነት በየባለቤቱ ስም ሥር ቁጭ ብሏል። በእድራችን ደግሞ የኮሚቴ ቃለ ጉባኤ እሑድ በጠቅላላው አባል ፊት ጮክ ተብሎ ይነበባል። አንባቢዋ እኔ ነኝ።

እሑድ ጠዋት ሰብሳቢው ቀድመው በር ላይ ጠበቁኝና ረቂቁን ተቀበሉኝ። የመንገዱ ነገር ጋ ሲደርሱ መነጽራቸውን አወለቁ። «በኔ!» የሚለው ጋ ሲደርሱ ጆሯቸው ቀላ።

«ቃለ ጉባኤ እንዲህ አይጻፍም!»

«የተባለውን ነው የጻፍኩት ጋሼ።»

«ጠቅለል ተደርጎ ነው። “ከሰፊ ውይይት በኋላ ኮሚቴው በሙሉ ድምፅ ተስማምቷል” ይባላል፣ አለቀ።»

«በምን ተስማማ ልበል?»

ወደ መንገዱ አዩ። ሰዉ ከቤተ ክርስቲያን እየተመለሰ መሰብሰብ ጀምሯል። እኔም በጨዋ ድምፅ ቀጠልኩ። «የእማማ እናት እንዲገቡ ተስማማ ካልኩ፣ ጠቅለል አድርጌ እጽፋለሁ። አልተስማማም ካልኩ ግን ምክንያቱን በዝርዝር ማንበብ አለብኝ።»

«የማን ልጅ ነሽ አንቺ?» አሉ። አባቴን ሃያ ዓመት ያውቁታል።

ከዚያ «ጻፊ» አሉኝ። ረቂቁን አራት ቦታ አጥፈው ኮታቸው ውስጥ ከተቱት።

አዲሱን ጻፍኩ፤ ሦስት መስመር ነው። አነበብኩት፤ ሰዉ አጨበጨበ። ባለ ማስተርሱ ተነሥቶ ትውልድ ታሪኩን ማወቅ እንዳለበት ረጅም ንግግር አደረገ። ባለ ሱቁ ዓይኑን በመሐረብ ጠረገ። ሰብሳቢው «እኒህ እናት የሁላችንም እናት ናቸው» አሉ። እዚያች አግዳሚ ላይ ማን ምን እንዳለ የሚያውቅ ሰው ቢኖር ይታመም ነበር፤ እኔን አመመኝ።

ማታውን ያሰብኩት አንድ ነገር ነው። ከብዙ ዓመት በኋላ አንድ ሰው ያንን መዝገብ ይገልጣል። “በሙሉ ድምፅ” የሚለውን ያነባል። እነዚህ ሦስት ሰዎች ሩኅሩኅ ነበሩ ብሎ ያምናል፣ ማስረጃም አለው፣ ማኅተም ያረፈበት። ሶርሱ ደግሞ እኔ ነኝ!

በማግስቱ እማማ ዘንድ ሄጄ ምን እንደሸጥኩ በምን እንደለወጥኩ ሁሉንም ነገርኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ ነበር።

«ስሟ ገባ?» አሉኝ።

«ገባ።»

«አይተሽዋል?»

«እኔው ነኝ የጻፍኩት። አሥራ ሁለተኛ ላይ ነው።»

እጄን ያዙ። «እንግዲያው እነሱም ጨዋ ይባሉ። ምን ይጎዳኛል? እሷ ገባች።»

እሳቸው ይበሉ፤ መብታቸው ነው። እኔ ግን አልልም። ለዚህ ነው ኮት ውስጥ የቀረውን ቃለ ጉባኤ ከትዝታዬ አውጥቼ እዚህ የጻፍኩት፤ አሁንም ቢሆን አንድ ቃል አላስቀረሁም።