በካሜራ ፊት የሰማሁት መርዶ

ስምንት ዓመቴ ነበር። ከጎንደር ወጣ ብላ ባለችው ኮሶዬ፣ ለፊልም ቀረጻ በሄድኩበት፣ ገና ጎህ ሲቀድ፣ አባትሽ ሞቷል ብለው ነገሩኝ። ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶች በሩ ላይ ቆመዋል። ከኋላቸው ካሜራ ነበረ፤ እኔ ግን አላየሁትም። አጃቢዬን አክስቴን ሰበብ ፈልገው ወደ ደባርቅ ልከዋታል። አባቴ የድጓ መምህር ነው፤ ያን ሰሞን ለንግሥ ሩቅ አገር ሄዶ ነበርና አመንኩ። መሬት ላይ ተንከባለልኩ፣ ፊቴን ነጨሁ፣ ድምፄ እስኪዘጋ ጮህኩ። ሲበቃቸው ዳይሬክተሩ አቅፎ አነሳኝና ውሸት ነው፣ ፊልም ነው አለኝ። ከረሜላም ሰጠኝ። ያን ከረሜላ መብላቴ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ጉዱ በዚህ አላበቃም። ሴቶቹ ለፊልም እንደመጡ ያውቃሉ፤ ጩኸቴን ሲሰሙ ግን እውነት መሰላቸው። የእኛ አገር ሰው ልጅ “አባዬ” ብላ ስትጮኽ እየሰማ ትወና ነው ብሎ አያልፍም። አንዷ ወደ ጎንደር በሚወርድ ማኪና ለዘመዶቻችን ቃል ላከች። መርዶ በሰው አፍ እንጂ በስልክ አይነገርምና ደውሎ ያጣራ አልነበረም። በነጋታው ማለዳ ጎረቤቱ ተሰብስቦ ለእናቴ ነገራት፤ ድንኳን ተተከለ። ከሰዓት በኋላ አባቴ መቋሚያውን ይዞ ከች አለ። ድንኳኑን አይቶ “ማን ሞተብን?” ብሎ ጠየቀ ይባላል። እናቴ ራሷን ሳተች፤ አንድ ቄስ ጎረቤታችን በስመ አብ እያሉ በድንኳኑ በስተኋላ ወጡ አሉ። እኔ ይህን የሰማሁት ከሳምንት በኋላ ቤቴ ስመለስ ነው። እናቴ ለብዙ ጊዜ ፊቷ አልተመለሰም።

ፊልሙ ወጣና “የምታለቅሰዋ ልጅ” ሆንኩ። ጎንደር ፒያሳ ላይ ሰው እያስቆመ እስቲ አንዴ አልቅሽልን ይለኝ ነበር። አባቴ ብቻ ፊልሙን አይቶት አያውቅም። የሞትኩበትን ምን ብዬ ልየው ይላል፤ እየሳቀ ነው የሚለው፤ እኔን ግን ሳቁ አይጥመኝም።

ሁለተኛው ፊልሜ አዲስ አበባ ነበር። አልቅሺ ሲሉኝ እንባዬ እምቢ አለ። ሽንኩርት አመጡ፤ ዓይኔ ሥር የሚያቃጥል ቅባት ቀቡኝ፤ በመጨረሻ አንዱ ክንዴን ቆነጠጠኝ። እኔም መልሼ እጁን ነከስኩት። በሦስተኛው ፊልም ከኋላ ሲያልፉ ከሚታዩት ልጆች አንዷ ነበርኩ። ከዚያ ቁመቴ ተመዘዘ፤ የሚፈልገኝም ጠፋ። ቀን የሰጠው ቅል ድንጋይ ይሰብራል ይላሉ፤ የእኔ ቀን ግን አንዲት ማለዳ ብቻ ነበረች።

ዛሬ ጎንደር ማራኪ ሰፈር፣ ዩኒቨርሲቲው አጠገብ፣ የተማሪ ጽሑፍ እተይባለሁ፣ ፎቶ ኮፒ አነሳለሁ። አንድ ተማሪ ያንን ለቅሶዬን በስልኩ እያየ፣ ይቺ ልጅ እኮ ሞታለች አሉ ብሎኝ ወረቀቱን ተቀብሎኝ ሄዷል። እዚያው ማሽኑ ፊት ክው ብዬ ቀረሁ።

ባለፈው ዓመት ሌላ ዳይሬክተር ደወለልኝ። የእናትነት ሚና ነው፤ ቦታውም ኮሶዬ። ይህ ካመለጠኝ ሌላ እንደማይመጣ አውቃለሁ፤ ሱቄን ዘግቼ ሄድኩ። በፊልሙ ባሌ ይሞታል፤ ለዘጠኝ ዓመቷ ልጄ በማለዳ መርዶውን የምነግራት እኔ ነኝ። ከቀረጻው በፊት በነበረው ቀን ዳይሬክተሩ ወደ ጎን ወሰደኝ። ልጅቷ ይህ ትዕይንት መኖሩን አታውቅም። የእውነት አባቷ ሹፌር ነው፣ መንገድ ላይ ነው።

“የራሷን አባት ስም ጠርተሽ ንገሪያት” አለኝ። “አንቺ ታውቂዋለሽ። ያንቺን ለቅሶ የመሰለ እስከ ዛሬ አልታየም።”

ሊያመሰግነኝ ነበር የፈለገው። ደነገጥኩ። የባሰ ያስደነገጠኝ ግን የራሴ አፍ ነው፤ እሺ አልኩት። ሚናውን ስለፈለግኩ ነው፤ ሌላ ሰበብ አልፈጥርም።

በማግስቱ ማለዳ ፊቷን ላስታጥባት ብዬ ልጅቷን ከቤቱ ጀርባ ወሰድኳት። ብርዱ ያንዘፈዝፋል። ያነሳሁትን ጆግ መልሼ አስቀመጥኩና ሁሉንም ነገር ዘረገፍኩላት። አባትሽ ደህና ነው፤ ሞቷል ብዬ እንድዋሽሽ ተነግሮኛል አልኳት። እንግዲህ ካላለቀሰች እኔ አለቀልኝ ብዬ ቆርጫለሁ። እሷ እንደ ጉድ አየችኝ።

“ማልቀስ ነው እንዴ የፈለጉት?” አለችኝ። “ምነው ታዲያ አይነግሩኝም፣ እትዬ?”

ቀረጻው ተጀመረ። ገብቼ የአባቷን ስም ጠርቼ ነገርኳት። መጀመሪያ አላለቀሰችም፤ ጎንበስ ብላ ጫማዋን መፈለግ ጀመረች፣ ወጥታ ልትቀበለው ይመስል። ከዚያ መሬት ላይ ተደፍታ ጮኸች። በሩ ላይ የቆሙት ሴቶች ደረታቸውን መቱ። ጀርባ ወስጄ የነገርኳትን ለአፍታ ረስቼ አባቷ በእውነት የሞተ መሰለኝ።

ዳይሬክተሩ መጥቶ ትከሻዬን ያዝ አደረገና፣ አየሽ፣ ያለ እውነት አይወጣም አለኝ በሹክሹክታ። ወዲያው ድምፅ የሚቀዳው ሰው እጁን አወጣ። ከደባርቅ የሚመጣ አይሱዙ ጥሩንባውን ነፍቶ ድምፁን አበላሽቶታል። ዳይሬክተሩ ጭንቅላቱን ያዘ፤ በቃ፣ ይሄ እኮ አይደገምም አለ።

ልጅቷ አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠርጋ ተነሳች።

“እደግመዋለሁ” አለች። ጫማዋን ወደነበረበት መልሳ ቦታዋ ላይ ተቀመጠች።

ዳይሬክተሩ አንዴ እሷን፣ አንዴ እኔን አየ። አስቀድሜ እንደነገርኳት ገብቶታል። ቀረጻው እንዲቀጥል በእጁ አመለከተ። እንደገና ገባሁ። ልጅቷ ቀና ብላ ጠበቀችኝ። እኔንም ያኔ በስምንት ዓመቴ አልቅሺ ብለው ቢጠይቁኝ ኖሮ ምናልባት እችል ነበር። ምናልባትም አልችልም ነበር። ያኔ የጠየቀኝ ስለሌለ ተዋናይ ልሁን አልሁን እስከ ዛሬ አላውቅም። አፌን ስከፍት ቃሉ ጠፋኝ፤ እንባዬ ብቻ ወረደ። ካሜራው እየቀረጸ ነው፤ ልጅቷ እጄን ይዛ የምናገረውን በሹክሹክታ ታስታውሰኛለች።